እጥፍ፥ የአንድ ቃል ትርጓሜና የሸማ አለባበስ ታሪክ በእንጦጦና በአካባቢው

ሸማ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ አራት ማዕዘን ነው፤ አንገት የለውም፥ እጅጌ የለውም፥ መቀስም አልነካውም። ልብስ የሚሆነው ሰው በትከሻው ላይ በጣለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ደጋ የኖረው ሕዝብ የአለባበስ ታሪክ ከስፌት ታሪክ ይልቅ የእጥፋት ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል፤ ይኸውም ማን በየትኛው ትከሻው ላይ መለሰው፥ ማን ወገቡ ላይ አሰረው፥ ማን አፉን ሸፈነበት፥ ማን ጥለቱን ወደ ላይ ዘቀዘቀው የሚለው ነው። ነገር ግን ይህ ታሪክ ለተመራማሪ እጅግ ያስቸግራል። ኮት ወይም ካባ ከለባሹ ሞት በኋላም ቅርጹን ይዞ ይኖራል፤ ሸማ ግን ከትከሻ በወረደበት ቅጽበት ወደ አራት ማዕዘንነቱ ይመለሳል፥ በእጥፋቱ የተነገረውም ነገር ሁሉ ይፈታል። ሮማውያን ቶጋቸውን በእብነ በረድ ምስሎች ላይ ከነእጥፋቱ ትተውልን ስለ ሄዱ የአውሮፓ ሊቃውንት ሽንሽኑን በጣት እየዳሰሱ ይማራሉ። ለሸማ እንዲህ ያለ ድንጋይ አልቆመለትም። ከሥዕልና ከፎቶግራፍ፥ ከመንገደኞችም ጽሑፍ ሌላ የቀረው ታላቅ ምስክር ቋንቋው ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል።

«አጠፈ» የሚለው ግስ ከግእዙ «ዐጸፈ» የወረደ ነው። ግእዝ በ«ጸ» የሚጽፈውን አማርኛ በብዙ ቃል ላይ ወደ «ጠ» እንደሚለውጠው የታወቀ ነው፤ ጸጕር ጠጕር፥ ጽፍር ጥፍር፥ ጸበበ ጠበበ እንደ ሆነ ሁሉ ዐጸፈም ዐጠፈ ሆነ። በመነሻው ያለው ዐይን በአማርኛ ድምፁን ስላጣ ዛሬ አብዛኛው ጸሓፊ በአልፍ «አጠፈ» ይለዋል፤ የቃሉን ዘር የሚጠብቁ ግን በዐይን ይጽፉታል። ከዚሁ ዘር ግእዝ «ዐጽፍ» የሚል ስም አለው፤ ትርጓሜውም መጐናጸፊያ፥ ከላይ የሚደረብ ልብስ ማለት ነው። ይህ ነገር በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። የላይኛው ልብስ ስሙን ያገኘው ከፈትሉ ወይም ከቀለሙ አይደለም፤ በሰውነት ላይ ከመታጠፉ ነው። እንግዲህ ማጠፍና መልበስ በአሮጌው ቋንቋ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ዘመናዊው አማርኛ ግን ሁለቱን ለያይቶ፥ መልበስን ለሰው፥ ማጠፍን ለሣጥን ሰጥቷቸዋል።

በፊደል እጅግ የሚቀራረቡ ሦስት ግሶች አንባቢን እንዳያሳስቱ እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው «አጠፈ» ሲሆን «ጠ» ጠብቆ ይነበባል፤ ጨርቁን በላዩ ላይ መለሰው ማለት ነው። ሁለተኛው «አጠፋ» ሲሆን «ጠ» ላልቶ ይነበባል፤ ይህ ከግእዙ «ጠፍአ» የመጣ ስለ ሆነ «ጠ»ው ከጥንቱም ጠ ነው እንጂ ከጸ አልተለወጠም። መብራትን ማጥፋትና ሸማን ማጠፍ በአንድ ቤት የሚያድሩ ይመስላሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ሦስተኛው «አጣፋ» ነው። ነጠላውን አጣፋ ሲባል በሁለቱ ትከሻዎች ላይ አሳልፎ ጫፎቹን በደረቱና በጀርባው ላይ አመሳቀለ ማለት ነው። ይህ ግስ በራብዕ ስለሚጨርስ ከ«አጠፈ» በቀጥታ ወጣ ለማለት ሰዋስው አይፈቅድም፤ ሆኖም የተናጋሪው ጆሮ ሁለቱን አቀራርቦ ስለሚይዛቸው አንዱ ሌላውን ያስታውሳል። ቃል በዘሩ ብቻ አይኖርም፥ በጐረቤቱም ይኖራል፤ ጐረቤቱም አንዳንድ ጊዜ ከዘሩ ይልቅ ጠባዩን ይለውጠዋል።

መዛግብተ ቃላት ከኢዘንበርግ፥ እ.ኤ.አ. ከ1841 ጀምሮ፥ በዳባዲ በ1881 እና በጕይዲ በ1901፥ በአገራችንም ሊቃውንት በኩል አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመውበት ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ባሳተሙት የግእዝ መጽሐፍ፥ በ1951 ዓ.ም. በወጣው የተሰማ ሀብተ ሚካኤል «ከሣቴ ብርሃን»፥ በኋላም በ1962 ዓ.ም. በታተመው የደስታ ተክለ ወልድ ታላቅ መዝገብ ለዚህ ጥናት መሠረት ጥለዋል። ይሁን እንጂ መዝገበ ቃላት በጠባዩ ነገርን ያሳጥራል። ቃሉ ምን እንደሚል ይነግራል እንጂ ማን በማን ፊት፥ በየትኛው ደጃፍ ላይ ቆሞ እንዳደረገው ለመንገር ቦታ የለውም። ለዚህ ነው ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ አንድ ስፍራ መሄድ የሚያስፈልገው። የተመረጠውም ስፍራ እንጦጦ ነው።

እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ አዲስ አበባን ከሰሜን የሚያጥር ተራራ ነው፤ ሰንሰለቱም በምሥራቅ በኩል ወደ የካ ይዘልቃል። ንጉሥ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ከተማቸውን በዚያ አቆሙ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ማቴዎስ እጅ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በዚያ ጊዜ በእቴጌ ጣይቱ ፈቃድ ከተራራው በታች በፍል ውሃው አጠገብ የተቈረቈረችው አዲስ አበባ ተጀምራ ነበር። ከተማው ከእንጦጦ ስለ ወረደበት ምክንያት ማገዶ ማነሱ፥ ውሃው መራቁ፥ ብርዱም መበርታቱ ይነገራል። ከእነዚህ ሁሉ ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ብርዱ ነው።

የብርድ አገር ሰው ልብሱን ይቈጥራል። አንድ የሆነው፥ ያልተደረበው፥ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ነጠላ ነው። ኩታ በተለምዶ ሁለት ሆኖ የሚደረበው ነው። ጋቢ አራት ነው። ከዚያም ወፍራሙ ቡልኮ ይከተላል። ልብ ተብሎ ሲታይ እነዚህን የሚለያቸው በመጀመሪያ የጨርቁ ዓይነት አይደለም፤ በስንት የተደረበ ነው የሚለው ቍጥር ነው። ድሩና ማጉ ያው የጥጥ ፈትል ሆኖ ሳለ አንዱ ለበጋ ቀን፥ ሌላው ለእንጦጦ ሌሊት የሚሆነው በእጥፉ ብዛት ነው። «እጥፍ» የሚለው ቃል ከጨርቅ ወጥቶ የሒሳብ ቃል የሆነበትም መንገድ ከዚህ ቢፈለግ ያስኬዳል። ጨርቅ አንድ ጊዜ ሲታጠፍ ሁለት ይሆናል፤ ስለዚህ «ዋጋው በእጥፍ ጨመረ» ያለ ሰው ሁለት ሆነ ማለቱ ነው። ነገር ግን ያው ሰው «ሦስት እጥፍ» ባለ ጊዜ መታጠፉን ትቶ ንብርብሩን ይቈጥራል፤ ጨርቅን ሦስት ጊዜ በየመካከሉ ያጠፈ ሰው እኮ ስምንት ንብር ያገኛል እንጂ ሦስት አያገኝም። ቋንቋው በመጀመሪያው ላይ ድርጊቱን፥ በሁለተኛው ላይ ውጤቱን ቈጥሯል። የሒሳብ መምህራን በዚህ ቃል ላይ ከተማሪዎቻቸው ጋር የሚከራከሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክርክሩ ከቍጥር የተነሣ አይደለም፥ ከሸማ የተነሣ ነው።

በቤተ መንግሥት ግን ሸማ ለብርድ ብቻ አይታጠፍም ነበር። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ቃል «አደገደገ» ነው። ያደገደገ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡና በደረቱ ዙሪያ ጠምጥሞ ያስራል፤ እጆቹ ለሥራ ነጻ ይሆናሉ፥ ትከሻውም ይገለጣል። ቃሉ በወገብ ከሚጠመጠመው ረጅም መታጠቂያ፥ ከ«ድግ» ጋር በድምፅም በግብርም ይቀራረባል። «አደግድጎ ቆመ» ሲባል ሁለት ነገር ባንድነት ይነገራል፤ ለማገልገል ተዘጋጀ፥ ራሱንም ዝቅ አደረገ። ሁለቱን ለመለየት የሚፈልግ ሰው ይሳሳታል፤ ምክንያቱም በዚያ ሥርዓት መታጠቅና መታዘዝ አንድ እጥፋት ነበሩ።

ልማዱ እጅግ አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ የንጉሥ ቃል የሚመጣበት ሰው ከድንኳኑ ወጥቶ፥ ቆሞ፥ ከወገቡ በላይ ተራቁቶ እንደሚሰማ ጽፏል። ቃሉ የምሕረት መሆኑ ሲታወቅ ሰውዬው መልሶ ይለብሳል። ይህን ያነበበ ሁሉ እንደሚያየው፥ ሸማው መውረዱ የትሕትና ምልክት ብቻ አልነበረም፤ ፍርድ ገና ያልተነገረበት ሰው አካል ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ነበር። ቃሉ እስኪታወቅ ድረስ የተሸፈነ ሰው አይደለም። በ19ኛው ምዕት ዓመት የመጡ መንገደኞችም በታላቅ ፊት ትከሻን መግለጥን ደጋግመው አይተዋል፤ ከእነርሱም እንግሊዛዊው ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ልብስ በስፋት ጽፏል።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ መሸፈን ነው። ታላቅ ሰው ሸማውን ከፍ አድርጎ አፉንና አፍንጫውን ይሸፍናል፤ ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ። ለውጭ አገር ሰው ይህ ብርድን ወይም አቧራን መሸሽ መስሎ ይታየው ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም እውነቱን ነው። ነገር ግን በሸንጎ መካከል፥ በጠራ ፀሐይ ያደረገው ሰው ሌላ ነገር መናገሩ ነበር። ታናሹ በታላቁ ፊት አፉን ሸፍኖ መናገር አይገባውም ነበርና። እንግዲህ በአንድ አዳራሽ ውስጥ አንድ ዓይነት ጨርቅ የለበሱ ሁለት ሰዎች ቢቆሙ፥ አንዱ እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፥ ሌላው እስከ ወገቡ አደግድጎ፥ ማን ጌታ ማን ሎሌ እንደ ሆነ ለማወቅ ስማቸውን መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። በእርግጥ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ፥ የወርቅ ሥራ ያለበት ካባና ለምድ ማዕርግን ይለዩ ነበር፤ ዜና መዋዕል ጸሓፊዎችም ሽልማቱን በየስሙ ይመዘግባሉ። የሽልማት ልብስ ግን በንጉሥ እጅ የሚሰጥ፥ በንጉሥም ቃል የሚነሣ ነው። እጥፋት ግን በማንም እጅ ያለ ነበር፤ ድኻውም በአንድ ነጠላ ሸማው ማክበርን፥ መኵራትን፥ ማዘንን፥ መለመንን ያውቅበት ነበር። ይህ የማይዳሰስ ሀብት ከካባው ይልቅ ለታሪክ ጸሓፊ የሚበልጥ ይመስላል።

ነገሩን በሥርዓት የተመለከተው አሜሪካዊው የሰብእ ጥናት ሊቅ ሳይመን መሲንግ ነው። በጎንደር አገር ከተቀመጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1960 «አንትሮፖስ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው አጭር ጽሑፍ ሸማን ከሮማ ቶጋ ጋር አመሳስሎ፥ አለባበሱ ያለ ድምፅ የሚነገር ቋንቋ መሆኑን አስረዳ። ጽሑፉ ጥቂት ገጽ ነው፥ ግን መንገድ ከፍቷል። አንድ ነገር ብቻ ይጐድለዋል ማለት ይቻላል። ቋንቋ ነው ካሉ ዘንድ ቋንቋ ይለወጣልና ታሪክ አለው፤ አልቫሬዝ ያየው እርቃንነትና በ20ኛው ምዕት ዓመት ጎንደር የታየው ማደግደግ አንድ ሰዋስው ቢመስሉም አንድ ዘመን አይደሉም። በመካከላቸው አራት መቶ ዓመት አለ፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ ወገብ ድረስ መራቆት ቀስ በቀስ ሸማን በወገብ ወደ ማሰር ብቻ ለዝቧል፤ በመጨረሻም እጀ ጠባብና ኮት የለበሰ ሰው ከኮቱ በላይ ነጠላ ጣል አድርጎ እጅ እስከ መንሣት ደርሷል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የአውሮፓ ልብስ በመሥሪያ ቤት ሲገባ ማደግደግ በየጓዳውና በየድግሱ ቀረ። «አደግዳጊ» የሚለው ስድብ አከል ስም ግን ከልብሱ በኋላም ኖረ፤ ሸማ ለብሶ የማያውቅ ሰው ዛሬም በዚህ ቃል ይነቀፋል።

በፍርድ አደባባይ ደግሞ የሸማ ጫፍ ሌላ ሥራ ነበረው። ባለ ዕዳና አበዳሪ፥ ከሳሽና ተከሳሽ ወደ ዳኛ ሲሄዱ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ይሄዱ ነበር፤ ከዚያም የበረታ ጉዳይ ሲሆን በሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰሩ ነበር። ይህም ቁራኝነት ይባላል። በሸማ የተቋጠረ ሰው በጕልበቱ ሊፈታው ይችል ነበር፤ ጨርቅ ነውና። የሚያስረው ቋጠሮው አልነበረም፥ በሕዝብ ፊት ቋጠሮን መፍታት የሚያመጣው ነውር ነበር እንጂ። ልማዱ በከተማ በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ እንኳ በፎቶግራፍ ታይቷል። ዛሬ ልማዱ ቀርቶ «የአልጋ ቁራኛ» የሚለው አነጋገር ብቻ ይሰማል፤ በሽተኛው ከአልጋው ጋር እንደ ባለ ዕዳ ተቋጥሯል ማለት ነው። በሴቶች በኩል መቀነት ከዚህ የዋህ የሆነ ተመሳሳይ ግብር አለው፤ በወገብ ዙሪያ ደጋግሞ በሚዞረው እጥፋት መካከል ብር ይቋጠርበታል፥ የባልትና ገንዘብም ከዚያ ይወጣል።

እስካሁን የተነገረው ስለሚፈታ እጥፋት ነው። የማይፈታም አለ፤ እርሱም በመርፌ የተያዘው ነው። ለዚህ አማርኛ ሁለት ቃል አለው፥ ሽንሽንና ሽብሽብ። ሸነሸነ ማለት በቀጭን በቀጭኑ ከፋፈለ ማለት ሲሆን ለሥጋም፥ ለመሬትም፥ ለጨርቅም ይነገራል። ሽንሽን ቀሚስ በጎጃምና በጎንደር ሴቶች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ከወገብ በታች ያለው ጨርቅ በእኩል በእኩል ተመልሶ ይሰፋና እስክስታ ሲመታ ይከፈታል። ለዚህ ግን ብዙ ጨርቅ ያስፈልጋል። ጥጥ በእንዝርት የምትፈትል ሴት ክረምት ሙሉ የደከመችበትን ፈትል ለውበት ብቻ በወገቧ ላይ ሦስት ጊዜ አጥፋ ለመስፋት እጇ አይደፍርም። ከአሜሪካ ፋብሪካ የሚመጣው አቡጀዲ፥ ኋላም የህንድና የሌላ አገር ባለ ቀለም ጨርቅ በ19ኛው ምዕት ዓመት ማለቂያና ከዚያ በኋላ በገበያ በበዛ ጊዜ ስፌት በረታ፤ እጥፋትም ከትከሻ ወደ መርፌ ተላለፈ። የተሰፋ እጥፋት ለሁሉ አንድ ነው፥ በማንም ፊት ቢቆም አይለወጥም። ሽንሽን ቀሚስ የለበሰች ሴት በአለቃም በጎረቤትም ፊት ያው ሽንሽን ነው የሚታየው፤ ንግግሩን የሚናገረው በላዩ ላይ የምትጥለው ነጠላ ሆኖ ቀረ።

«ሽብሽብ» ከዚህ ይለያል። ተሸበሸበ ሲባል ጨርቁ ተጨማደደ፥ የሽማግሌም ፊት ተጨራመተ ማለት ነው፤ ሥርዓት የሌለው፥ በራሱ የመጣ እጥፋት ነው። ያው ቃል ግን በቤተ ክርስቲያን ፍጹም ሥርዓት ላለው ነገር ይነገራል። ደብተሮች መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በወረብ ጊዜ ዝቅ ከፍ እያሉ የሚወዛወዙበት ሽብሸባ ይባላል። ነጭ የለበሱ መዘምራን በረድፍ ቆመው ባንድነት ሲጐነበሱና ሲቃኑ ከሩቅ ያየ ሰው አንድ ሰፊ ጨርቅ የሚሰበሰብና የሚዘረጋ ይመስለዋል። የቃሉ ሁለት ትርጓሜ በዓይን ፊት የሚገጥመው በዚያ ጊዜ ነው።

ከጨርቅ ወጥቶ በሕግና በጠባይ ላይ የዋለው «አጠፈ» ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። «ቃሉን አጠፈ» የተባለ ሰው የተናገረውን አልተናገርሁም አላለም፤ ተናግሮ ወደ ኋላ መለሰው እንጂ። ሐሰተኛና ቃሉን ያጠፈ ሰው በአማርኛ አንድ አይደሉም። ሐሰት ከመጀመሪያው የሌለ ነገር ነው፤ የታጠፈ ቃል ግን ተዘርግቶ የታየ፥ ሰው የተማመነበት፥ ከዚያ በኋላ የተመለሰ ነው። ስለዚህ ነው ይህ ነቀፌታ ከውሸታምነት ይልቅ በሹም ላይ የሚከብደው። መሥሪያ ቤትም «ታጠፈ» ይባላል፤ ሥራው ወደ ሌላ ተጨምሮ ስሙ ሲቀር። ፈረሰ ቢባል ነገሩ ሁሉ ጠፋ ማለት ይሆን ነበር፤ ታጠፈ ሲባል ግን እንደ ልብስ ተመልሶ የሚዘረጋበት ቀን ሊኖር ይችላል የሚል ተስፋ አለበት። በዚህ አገር የአስተዳደር ታሪክ ውስጥ ይህ ተስፋ ባዶ ሆኖ እንዳልተገኘ የታጠፉና እንደ ገና የተዘረጉ መሥሪያ ቤቶችን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። በረኃብ ጊዜ አንጀት ይታጠፋል፤ ወታደርም የሚታጠፍ ሰደፍ ያለውን ጠመንጃ «አጠፍ ዘርጋ» ብሎ ይጠራዋል።

ሸማው ራሱ ከየት ይመጣል ለሚል ጥያቄ እንጦጦ መልሱን በግርጌው ይዟል። ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው መንገድ መነሻ ላይ ሽሮ ሜዳ አለ፤ በዚያና በአካባቢው ከጋሞ ደጋ፥ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ከነቤተ ሰባቸው ሰፍረው ይሠራሉ። የምኒልክ ጦር ደቡብን ከያዘ በኋላ የተጀመረው ይህ ፍልሰት ከተማዋን ሁሉ አልብሷል። ነገር ግን ሸማኔው የሠራውን ጨርቅ የሚለብሱ ሰዎች ሸማኔውን ራሱን ይንቁት ነበር፤ የእጅ ሥራ ሁሉ የነውር ስም ነበረውና። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው እንዳይሰድቡት በአዋጅ መከልከላቸው የንቀቱን ጥልቀት ያሳያል፤ ያልነበረን ነገር አዋጅ አይከለክልምና። ጌታ የሚከናነብበትና ሎሌ የሚያደገድግበት ሸማ ከአንድ ሸማኔ ጕድጓድ ሊወጣ ይችላል፤ ሁለቱም ግን በማዕርግ ይለያዩ እንጂ ሸማኔውን ከበታቻቸው በማድረግ ይስማሙ ነበር። ያም ሆኖ የጥለቱ ሥራ «ጥበብ» ተብሎ ይጠራል፤ ሰውዬው የተነፈገውን ስም ሥራው ወስዶታል።

በሽሮ ሜዳ ገበያ ነጋዴው ነጠላውን ታጥፎ ይሰጣል፥ ገዢውም ይዘረጋዋል፤ ሳይዘረጉ መግዛት ሞኝነት ነው። የፈትል ሥራ ከፋብሪካ ክር ሥራ የሚለየውም በዚሁ ጊዜ ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ሻካራ ስለ ሆነ እጥፋቱ በትከሻ ላይ ይረጋል። ሳባና መነን የሚባሉት ክሮች በዝተው፥ ከውጭ አገር የሚመጣውም የታተመ አስመሳይ ጥበብ ገበያውን ከሞላ በኋላ ነጠላው ከትከሻ እየሾለከ በመርፌ ቍልፍ የሚያያዝ ሆኗል። ነገሩ የለስላሳነት ጉዳይ ብቻ ይመስላል፥ ግን በመርፌ የተያዘ ነጠላ በየጊዜው አይለወጥም፤ ሰውየውን ባየች ጊዜ አስተካክላ፥ ለቅሶ ቤት ስትገባ ዘቅዝቃ፥ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስትደርስ አጣፍታ የምትሄደው ሴት እጅ ሥራ ይፈታል።

በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ባለው ሙዚየም ውስጥ የዐፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ንብረት የነበሩ አልባሳት ከንዋያተ ቅድሳት ጋር ተቀምጠው ይታያሉ። ካባው ከለባሹ ተለይቶም ካባ ነው፤ ትከሻው ትከሻ፥ ዘርፉ ዘርፍ ሆኖ ይኖራል። ከሥዕል በኩል ያለው ምስክርም ጥቂት ይረዳል። በመጀመሪያው የጎንደር ሥዕል ስልት የቅዱሳን ልብስ እጥፋት በጐን ለጐን መስመሮች ተለይቶ ይሳላል፤ በ18ኛው ምዕት ዓመት በተስፋፋው በሁለተኛው ስልት ደግሞ በጥላና በቀለም መድመቅ ይሰጣል። ነገር ግን ሠዓሊው ለመልአክና ለሰማዕት የሰጠው እጥፋት ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር ሥዕል የተወረሰ እንጂ በደጁ የቆመው ሰው ሸማ አይደለም። ስለዚህ በሥዕሉ ግርጌ ሥዕሉን ያሠራው ባለ ጸጋ በትንሹ ተስሎ ሲገኝ፥ ተመራማሪ ከመልአኩ ይልቅ ወደ እርሱ ቢያይ ይጠቀማል፤ የዘመኑ እውነተኛ አለባበስ ያለው በዚያ ጥግ ነውና። በሙዚየምም ሸማ በመደርደሪያ ታጥፎ ሲቀመጥ የተጠበቀው ጨርቁ ነው። አለባበሱ እንዲጠበቅ ከተፈለገ ከያንዳንዱ ሸማ አጠገብ ማን፥ በማን ፊት፥ እንዴት ያጠፈው እንደ ነበረ በሥዕልና በስሙ ሊጻፍ ይገባል፤ ስሞቹን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ገና ሳሉ።

ተራራው ራሱ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንጦጦ ፓርክ ሆኗል። የባሕር ዛፍ ጭነት በጀርባቸው የሚያወርዱ ሴቶች በሚመላለሱበት አቀበት ዛሬ ስፖርተኞችና ጐብኚዎች በጃኬትና በቱታ ይሄዳሉ። ወደ ማርያምና ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚሄዱት ጸበልተኞች ግን አሁንም ነጭ ይለብሳሉ። በመንገዱ ላይ ነጠላቸው በአንድ ትከሻ ላይ የተጣለ ወይም በብርዱ ምክንያት በራስ ላይ የተከናነበ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ቀኙን ጫፍ ወደ ግራ፥ ግራውን ወደ ቀኝ አሳልፈው በትእምርተ መስቀል ያጣፋሉ፥ ከዚያም ይሳለማሉ። ልጆች ያሏቸው እናቶች መጀመሪያ የልጆቹን ነጠላ ያጣፋሉ፥ የራሳቸውን ከዚያ በኋላ።